ሠላሳ አንድ ቀን ያለው መጋቢት

ካሜራዬ በመዳፌ ልክ ናት። ብርማ ቀለሟ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተላልጧል። ስከፍታት ጉሮሮዋን እንደምትጠርግ አሮጊት እያጉረመረመች ሌንሷን ወደ ፊት ታወጣለች። ሁለት ባትሪ ድንጋይ አጉርሻት ጥቂት ፎቶ እንዳነሳች ይርባታል። ቁልፏን ስጫን ደግሞ ወዲያው አታነሳም፤ ታስባለች። እሷ አስባ እስክትጨርስ ፍየሉ መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል፣ ሰውም ፈገግታው ሰልችቶት ይኮሳተራል። ይህን የምዘረዝረው ላማርር አይደለም። ጅቡቲ ከገባሁ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ለማንም ሳይሆን ለራሴ ብዬ የገዛኋት ዕቃ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

ሆዳን ሰፈር ባለ አንድ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቶቹ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በሶማልኛ ያወራሉ፣ ሲቆጡ ፈረንሳይኛ ይቀናቸዋል። ክፍሌ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ናት። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የማዳም የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ የልጇ ፈተና፣ የጥርስ ሐኪም፣ የእንግዳ ቀን እዚያ ላይ ይጻፋል። የእኔ የቀን መቁጠሪያ ደግሞ በክፍሌ በር ጀርባ ተለጥፏል። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ከድሬዳዋ ይላክልኛል። በሩ ሲከፈት ወደ ግድግዳው ስለሚዞር፣ የሚታየኝ በሩን ዘግቼ ስቀመጥ ብቻ ነው። በሩ ክፍት ሲሆን በእነሱ ቀን እሠራለሁ፣ ሲዘጋ በእኔ ቀን እኖራለሁ። የደረሰብኝ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

የካሜራውን ነገር ያመጣችብኝ የቤቱ ልጅ ናት። ከተወለደች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ «ታታ» ነው የምትለኝ፣ አክስት እንደማለት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን ከሳሎኑ መሳቢያ፣ ባለቤት ከሌላቸው ቁልፎችና ከሞቱ ሪሞቶች መሀል፣ አንድ አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ጎትታ አወጣች። ወርቅ ያገኘች ነበር የምትመስለው። ለካ ጓደኞቿ ሁሉ የአባቶቻቸውን መሳቢያ እየበረበሩ ኖሯል።

«ይሄ እኮ አሁን ፋሽን ነው፣ ታታ!»

«ስልክሽ አይሻልም?»

«ስልክማ ሁሉንም ቆንጆ ያደርጋል» አለች ከንፈሯን ጠምዝዛ።

እሷ የፈለገችው ቆንጆ ያልሆነውን ነው፤ የደበዘዘውን፣ ፍላሽ ያነጣውን፣ ጥጉ ላይ ብርቱካንማ ቀን የታተመበትን። ትልልቆቹ «አይረባም» ብለን የጣልነውን እነሱ አቧራውን አራግፈው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ያን ዕለት እየሳቅኩባት ሽንኩርቴን መክተፌን ቀጠልኩ። እሷ ባትሪውን ስትሞላ ቆይታ ወጥ ቤት መጥታ እግሯን እያወዛወዘች በውስጡ የቀሩትን የድሮ ፎቶዎች አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር።

«ይኸውልሽ አንቺ! እንዴት ታምሪ ነበር!»

የክብሪት ቀፎ የምታህለው ስክሪን ላይ እኔ አለሁ። አምስት ሻማ የበራበት ኬክ ተሸክሜ፣ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ እስቃለሁ። ከታች ጥጉ ላይ አሥራ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ከዚያም ዓመቱ ተጽፏል። የእነሱን ቀን ወደ እኛ ለመቀየር ሁልጊዜ ጣቴን እቆጥራለሁ፤ ይህን ግን መቁጠር አላስፈለገኝም። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር አሥራ ስድስት ማለት መስከረም አምስት ነው። እናቴ የተቀበረችበት ቀን ነው።

ያን ቀን ጠዋት ወንድሜ ከድሬዳዋ ደወለ። «አርፋለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቀብራታለን» አለኝ። የልጅቷ አምስተኛ ዓመት ልደት ደግሞ ለአሥር ሰዓት ተጠርቷል። የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ድንበሩን አንዴ ከተሻገርኩ ተመልሼ አልገባም። ልጄን አራት ዓመቷ ላይ ለእናቴ ጥያት ነው የመጣሁት፤ ያኔ አሥራ ሁለት ሞልቷታል፣ ደብተሯም ጫማዋም ከዚህ ነው የሚሄደው። ለማዳም አልነገርኳትም። ትከለክለኛለች ብዬ አይደለም። ሂጂ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነው። ሂጂ ካለችኝ ለልጄ የማቀርበው ሰበብ አይኖረኝም ነበር።

ስለዚህ ክሬሙን መታሁ፣ ፊኛውን ሰቀልኩ፣ አሥር ሰዓት ላይ ኬኩን ይዤ ወጣሁ። አንድ እንግዳ «ፈገግ በይ!» አለኝ፤ ፈገግ አልኩ። በኋላ ለልጄ በስልክ «አልለቀቁኝም፤ ክፍሌን ዘግቼ ስነፋረቅ ነው የዋልኩት» አልኳት። ያለቀስኩት ከስንት ቀን በኋላ፣ አንሶላ ስተኩስ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ውሸቴ ማንም ሳያየው ከእኔ ጋር ይቀራል ብዬ ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ ፎቶ መኖሩን በምን ልወቅ?

ያን ካየሁ በኋላ ሌላ ፎቶ ያምረኝ ጀመር። በዚህ ቤት የተነሳሁት ሁሉ ወይ ሳህን ይዤ ነው ወይ ልጅ አዝዬ። በስልኬ ያነሳሁት ብዙ ነበር፣ ስልኬ የልብስ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ከነፎቶው ሞተ። ስልክ ደግሞ ስልክ ነው፤ ይጠራል። ማዳም ትጠራኛለች፣ ወንድሜ ይጠራኛል፣ የማላውቀው ሰው ይጠራኛል። የማይጠራኝ ነገር ነው ያማረኝ።

አርብ የእረፍቴ ቀን ነው። ካርቲየ 2 ሄድኩ። እዚያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከአውሮፓ በኮንቴይነር የመጣ አሮጌ ዕቃ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል፤ ካውያ ከሕፃን ጫማ፣ ሰዓት ከመጥበሻ ጋር። ካሜራዎቹ አንድ ካርቶን ውስጥ ተዝረክርከዋል። ሻጩ ሶማሌ ሽማግሌ ናቸው። «አባዮ፣ እህቴ፣ እነዚህ እኮ ሞተው ነበር፤ ልጆቹ ናቸው ያስነሷቸው» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ። ከኪሳቸው ሁለት ባትሪ አውጥተው አንዱን ካሜራ ሲሞክሩ ዝም፣ ሌላውን ሲሞክሩ ዝም። ሦስተኛዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና ሌንሷን አወጣች። «ይቺ ናት» አልኩ። ማነጻጸር እንኳ አልፈለግኩም።

ክፍሌ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና ከፈትኳት። ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ ቀኑን ነው። ባዶ ቁጥሮች ብልጭ ድርግም እያሉ ይጠብቁኛል። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ያለው በበሩ ጀርባ የተለጠፈው የእኔ የቀን መቁጠሪያ ነው። ያየሁትን አስገባሁላት፤ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን። የእነሱ ቀን ጭራሽ ትዝ አላለኝም። በኋላ ትዝ ሲለኝም ሆን ብዬ ተውኩት። በዚያ ቤት የእኔ የሆነች አንዲት ዕቃ እንኳ በእኔ ቀን ትቁጠር አልኩ።

መቁጠሩ ግን አይሆንላትም። ዘጠነኛውን ወር እኔ ግንቦት ብዬ ባስገባላትም ለእሷ ሴፕቴምበር ነው። ጥቅምትን ፌብሯሪ እያለች ሃያ ስምንት ላይ፣ ግፋ ቢል ሃያ ዘጠኝ ላይ ትቆርጠዋለች። የእኛ ወር ሁሉ ሠላሳ ሆኖ ሳለ አንዳንዱን ሠላሳ አንድ ታደርገዋለች። ጳጉሜን ጨርሶ አታውቃትም። ስለዚህ በየወሩ መባቻ ጠዋት፣ ገና ወጥ ቤት ሳልገባ፣ ቁጭ ብዬ ቀኗን አርማታለሁ። ጳጉሜ ሲገባ አልከፍታትም። ሞኝነት ይመስላል፣ ግን እንዲህ ደስ የሚለኝ ሥራ የለኝም። ሌላ ዕቃ ሁሉ እኔን ነው የሚያዝዘኝ፤ ይቺ ብቻ ስሕተቷን ይዛ ትጠብቀኛለች።

አርብ አርብ ይዣት እወጣለሁ። ቀለም የለቀቁ ሰማያዊ መስኮቶችን፣ ጥላ ፍለጋ መኪና ሥር የገቡ ፍየሎችን፣ ሜኔሊክ አደባባይ በረንዳ ሥር የተደረደሩ ባዶ ወንበሮችን አነሳለሁ። ባትሪው እንዳያልቅብኝ ስለምሳሳ ቁልፉን ከመጫኔ በፊት ብዙ አያለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያላየሁትን ከተማ ያየሁት በዚህች አሮጌ ካሜራ ስስት ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት፣ ሙቀቱ ሊብስ ሲል፣ አንድ አርብ ባሕር ዳር ወረድኩ። ውሃው ሸሽቶ አሸዋው ራቁቱን ቀርቷል። ካሜራዬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ አሥር ሰከንድ የሚቆጥረውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሮጥኩ። ግማሽ መንገድ ላይ አንዱ ጫማዬ እርጥቡ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ልመልሰው ስዞር ካሜራዬ ቀጭ አደረገች። በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ብቻዬን እንደ እብድ እየሳቅኩ ነው ያነሳችኝ። ፎቶውን ሳየው ያ ኬክ የተሸከመው ሳቅ ከላዬ የወረደ መሰለኝ። ማንም «ፈገግ በይ» ያላለኝ ሳቅ ነው። ከታች ጥጉ ላይ አሥራ ስምንት፣ ዘጠኝ ይላል፤ ግንቦት አሥራ ስምንት።

ፎቶዎቹን ያሳጠብኩት ቆይቼ ነው። ባለፈው ገና ምርጥ ምርጡን አሳጥቤ፣ በፖስታ አሽጌ ለልጄ ላክሁላት። ልጄ አሁን ሃያ አንድ ዓመት አልፏታል። ድሬዳዋ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ሰነድ ሁሉ በአውሮፓውያን ቀን ነው፤ የእሷ ሥራ ያን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር እየቀየረች መመዝገብ ነው። ይህን ሳውቅ እንዴት እንዳላሰብኩት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ፎቶዎቹ ከደረሷት በኋላ ስደውል አታነሳም። መልእክት ብጽፍ አትመልስም። ሳምንታት አለፉ። በየካቲት አንድ ቀን ቢሮዋ ሳለች ደወልኩና አነሳች። እናቴን «እማዬ» ብላ ስላደገች እኔን «እትዬ» ነው የምትለኝ።

«ፎቶዎቹ አልደረሱሽም እንዴ?»

«ደርሰውኛል።»

«ታዲያ ምነው ጠፋሽብኝ?»

«እትዬ፣ እማዬ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን የት ነበርሽ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«አሥራ ስምንት፣ ዘጠኝ ይላል። ሴፕቴምበር አሥራ ስምንት። መስከረም ሰባት ማለት እኮ ነው። የእማዬ ሠልስት ነው። እኔ ሠልስቱ እስኪወጣ በር በሩን ሳይ ነበር፤ ሰው በገባ ቁጥር አንቺ እየመሰልሽኝ። አንቺ ባሕር ዳር ትስቂያለሽ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ዓመቱም ነው የገጠመው። በእኛ አቆጣጠር የዛሬ ሁለት ዓመት የሆነው ቁጥር፣ በእነሱ አቆጣጠር ሲነበብ እናቴ የሞተችበት ዓመት ነው። ከጅቡቲ የመጣ ቀን ስለሆነ ልጄ እንደ ለመደችው ቀየረችው። እኔ ግን አስቀድሜ የእኛውን ነበር ያስገባሁት።

«ካሜራዋ በእኛ ቀን ነው የምትቆጥረው! እኔ ነኝ የሞላሁላት» አልኩ።

«ካሜራ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐበሻ የሆነው?» አለችና ዘጋችው።

ደግሜ ልደውል እችል ነበር። በመሐላ፣ በለቅሶ ላስረዳት እችል ነበር። እጄ እንቢ አለኝ። ልጄ በባሕሩ ፎቶ ተሳስታለች፤ በእኔ ግን አልተሳሳተችም። ሠልስቱን አይደለም፣ የቀብሩን ዕለት ነው የሳቅኩት። ስለ አንዱ ፎቶ እውነቱን ብናገር ሌላውን እንደ ደበቅኩ ልኖር ነው። እናቷን ሁለተኛ ልታጣ ነው ብዬ ሆድ ባሰኝ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ ተናደድኩ። ልታጣ አልኩ እንጂ፣ አራት ዓመቷ ላይ ትቻት መጥቼ ቀድሞስ መቼ አግኝታኝ?

መጋቢት ገብቶ አንድ ከሰዓት፣ የቤቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካሜራዋን እንድታውሰኝ ለመንኳት። የልደቱን ፎቶ ፈልጋ አወጣችልኝ። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና የእሷን ካሜራ ስክሪን በእኔ ካሜራ አነሳሁት። መጀመሪያ ፍላሹ አነጣው፤ ፍላሹን አጥፍቼ ደገምኩ። ኬኩም፣ ጥርሴም፣ ቀኑም በደንብ ወጡ።

«ፎቶ ለምን በፎቶ ታነሻለሽ?» አለች።

ልዋሻት ነበር፤ ሰለቸኝ። «ያን ቀን እናቴ የተቀበረችበት ቀን ነው» አልኳት።

ልጅቷ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። «የእኔ ልደት ቀን?» አለች ቀስ ብላ። «ማማ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ካሜራዋን ዘጋችውና ደረቷ ላይ ይዛው ቆየች። ከዚያ ወዲያ ስለ ፋሽኑ አላወራችኝም፣ እቃ ሳጥብ ግን አጠገቤ መጥታ ማድረቅ ጀመረች።

ካሜራዬን ከድሬዳዋ በባቡር እየተመላለሱ ጨርቅ በሚነግዱ አንድ ሐጂ እጅ ላክኋት። ካርቲየ 2 ዕቃቸውን ሲያስጭኑ አገኘኋቸው። ባትሪ ወጥቶባት ከዋለች ቀኑን ትረሳለች፤ ስለዚህ ደህና ባትሪ አስገብቼ «ሐጂዬ፣ በምንም ምክንያት እንዳትከፈት» አልኳቸው። «ቦምብ ነው እንዴ የምታሸክሚኝ?» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ለልጄ አንዲት ወረቀት አብሬ ጻፍኩ፦

«ካሜራዋን ክፈቻትና የፈለግሽውን አንሺ፤ የትኛውን ቀን እንደምትጽፍ ራስሽ እዪ። የባሕሩን ፎቶ ቀን አትቀይሪው። የመጨረሻውን፣ የኬኩን ግን ቀይሪው። አልለቀቁኝም ያልኩሽ ውሸት ነው። አልጠየቅኳቸውም።»

ያለ ካሜራ ያለፉት አርቦች ረጃጅም ነበሩ። ባሕር ዳር ወርጄ ባዶ እጄን ወደ ዓይኔ አነሳና አፍሬ እመልሳለሁ። ሰማያዊው መስኮት እዚያው አለ፣ ፍየሎቹም አሉ። መጋቢት ሠላሳ ላይ ካሜራዬ ነገ ቀኗን እንደምትስት ትዝ አለኝ፤ የሚያርማት የለም ብዬ አዘንኩ። ለካሜራ ማዘኔ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሐጂ ደወሉልኝ። ካርቲየ 2 ድረስ የሄድኩበትን መንገድ አላስታውሰውም። በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ።

«ልጄ ምን አለች?»

«ምንም አላለች። ዝምተኛ ናት ልጅሽ።» ሐጂ ጨርቁን እያጠፉ አሰቡ። «አዎ፣ ‹ባትሪ አዲስ አስገብቼላታለሁ በሏት› ብላለች።»

እዚያው መንገድ ዳር፣ የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኳት። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከኬኩ ፎቶ ቀጥሎ ሁለት አዳዲስ ፎቶዎች አሉ። የመጀመሪያው ቢሮዋ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ጣቷ አንድ ቀን ላይ ተቀምጧል፣ መጋቢት ሃያ ሁለት። ከታች ጥጉ ላይም ሃያ ሁለት፣ ሰባት ይላል። ልጄ እንደ ሰነድ አመሳክራኛለች። አልከፋኝም፤ የተማረችው ይህን ነው።

ሁለተኛው የእናቴ መቃብር ነው። አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ አይቼው አላውቅም። ከማስበው ያነሰ ነው፤ ነጭ የተቀባ፣ ራስጌው ላይ መስቀል ያለው። ልጄ አሥር ሰከንድ የሚቆጥረውን ቁልፍ ተጭና ሮጣለች፤ ቦታዋ ሳትደርስ ስለተነሳች ፊቷ ተደብዝዟል። አትስቅም። ያለችው ከመቃብሩ በአንዱ በኩል ነው፤ በሌላው በኩል ማንም የለም።

ያ ሁሉ እያለ እኔን ያስለቀሰኝ ቀኑ ነው። ፎቶው የተነሳው መጋቢት ባለቀ ማግስት ነው። ካሜራዬ ለራሷ ብትተው መጋቢት ሠላሳ አንድ ብላ ትጽፍ ነበር። አንድ፣ ስምንት ይላል። ሚያዝያ አንድ። ልጄ መባቻውን ጠብቃ፣ ቁጭ ብላ፣ እኔ እንደማደርገው አርማታለች። እንዴት እንደሚታረም አልጻፍኩላትም ነበር።

አንድ ሰው በእጅ ጋሪ ጨርቅ እየገፋ ሲመጣ እግሬን ሰብስቤ አሳለፍኩት። ከዚያ ተነሳሁና ሚኒባስ ይዤ ወደ ሆዳን ተመለስኩ።

ማዳም ሳሎን ተቀምጣ የሻይ ኩባያዋን ይዛ ነበር። አርብ ሆኖ ቀኑ ሳይመሽ በመመለሴ ቀና ብላ አየችኝ። ወረቀቴ አሁን የታደሰ ነው፤ ላለመሄድ ሰበብ አልነበረኝም፣ ሰበብ መስጠትም አልፈለግኩም።

«እናቴ ሞታለች» አልኳት በፈረንሳይኛ። «መቃብሯ ዘንድ ልሄድ ነው።»

ኩባያውን አስቀምጣ ተነሳች። ሁለት እጄን ያዘችኝ፤ ፊቷ ሁሉ ደንግጧል።

«መቼ?» አለችኝ።

«መስከረም አምስት» አልኳት በአማርኛ። አልቀየርኩላትም።